መንታው መስመር

ከሶዶ ወደ ቤሌ በሚሄደው ሚኒባስ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት በዚያ ሙቀት የሹራቧን እጅጌ እስከ ጣቶቿ ስባ ለብሳለች። ስሟን አልጠየቅኋትም። ዓይኗ በወዲያኛው ጎኗ ያለው ገበሬ ከታቀፈው አሮጌ የሶላር ሰሌዳ ላይ አልተነቀለም።

«ወንድሜ፣ ይህን ቀጥ ያለ መስመር ታያለህ?» አለችው። «ሰሌዳው የተሠራበት ሲሊከን ቀልጦ ሲረጋ አንድ አቶም ቦታውን ስቷል። ከእሱ ወዲያ ያለው ሁሉ መስታወት ውስጥ እንዳለ መልክ ተገልብጦ አደገ። በሙያችን መንታ እንለዋለን።»

«መንታማ በረከት ነው፣ እህቴ» ብሎ ሳቀ።

«መንታው አይጎዳም። እሱን የወለደው ጉድለት ግን አብሮት አለ። ጉድለት የበዛበት ቦታ ፀሐይ ላይ ለብቻው ይግላል።» ጠቆር ያለች ነጥብ በጣቷ ስትነካ እጅጌዋ ሸሸ፤ ክንዷ እስከ ክርኗ ተቃጥሎ የዳነ ነው። «ቤትህ ሣር ነው ቆርቆሮ?»

«ሣር ነው።»

«እንግዲያው እንዳትሰቅለው።»

የሰውዬው ሳቅ ጠፋ። «አብሮት የገዛሁትን ትናንት ሰቅዬዋለሁ። እናቴ ታማ ከሥሩ ተኝታለች።»

ሴትየዋ በመስኮቱ አንጋጣ ፀሐይዋን አየች። ከዚያ ወደ ፊት ተንጠራርታ የሾፌሩን ትከሻ ጨበጠች።

«ሾፌር፣ በእግዚአብሔር፣ ንዳው!»