ሴት ናት ብለው ያስገቡኝ ቀን

የሕክምና መሣሪያ ጠጋኝ ነኝ። መኖሪያዬ ደብረ ማርቆስ ነው፤ ሥራዬ ግን በየወረዳው ነው። ዛሬ አምበር፣ ነገ ደምበጫ፣ የኦክስጅን ማሽን የቆመበት ጤና ጣቢያ ሁሉ ይጠራኛል። አንድ ዓመት መሥሪያ ቤቴ አዲስ መነጽር ሰጠኝ። መነጽሩን ሳደርገው ፊት ለፊቴ ባለው ማሽን ላይ ሥዕል ይመጣል፤ የትኛው ብሎን እንደሚፈታ፣ የትኛው ሽቦ ወዴት እንደሚሄድ በቀስት ያሳያል። ግንባሩ ላይ ደግሞ ካሜራ አለው። እኔ የማየውን አዲስ አበባ ያለው አለቃዬ በኮምፒውተሩ ያያል፣ ይቀረጽለታልም፤ በድምፅም ይመራኛል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ብቻዬን ስፈታና ስገጥም ለኖርኩት ለእኔ ትልቅ ነገር ነበር።

ታኅሣሥ ላይ ከይጁቤ ወጣ ብሎ ወዳለ ጤና ጣቢያ የሕክምና ዕቃ መቀቀያ ማሽን ልጠግን ሄድኩ። መነጽሩን አድርጌ፣ ከአለቃዬ ጋር እየተነጋገርን ማሽኑን ግማሽ ድረስ እንደ ፈታሁት አዋላጅ ነርሷ እየሮጠች መጣች።

"የሕፃን ማሞቂያው ቆመብን! ልጁ አሁን መወለዱ ነው፣ ኪሎው ትንሽ ነው። ቶሎ ነይልኝ!"

የመሣሪያ ሳጥኔን አንጠልጥዬ ተከተልኳት። ማዋለጃው በር ላይ የወላዷ እናት ቆመዋል፤ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ያሰሩ ቀጭን ሴትዮ። እጃቸውን ዘርግተው አስቆሙኝ።

"ይቺ ማናት?"

"ማሽን የምትጠግነው ናት፣ እማማ" አለች አዋላጇ።

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። "እንግዲህ ሴት ናት፤ ትግባ" ብለው እጃቸውን አወረዱ።

ወላዷ አልጋው ላይ ናት። ሕፃኑን ደረቷ ላይ አስተኝተው በጋቢ ሸፍነውታል። ከወገቧ በታች ግን ምንም የለባትም፤ አዋላጇ ያቋረጠችውን ስፌት ልትጨርስ ተቀመጠች። እኔ ወደ ማሽኑ ሄድኩ። ሐሳቤ ሁሉ ማሽኑ ላይ ነበር። ሶኬቱን ፍለጋ ዞር ስል ዓይኔ አልጋውን አልፎ ሄደ፤ ካሜራውም አብሮ። የጆሮ ማዳመጫዬ ባትሪ ጠዋት አልቆ ስለነበር ድምፁን በመነጽሩ ስፒከር ለቅቄዋለሁ።

"ትንሽ ወደ ቀኝ ዙሪ፣ ሶኬቱ አልታየኝም" አለ አለቃዬ።

የጎልማሳ ወንድ ድምፅ። ወላዷ ደንግጣ ጉልበቷን ልትገጥም ስትታገል አዋላጇ "መርፌ ይዣለሁ፣ አትነቃነቂ!" ብላ ጮኸች።

"ማነው የተናገረው?" አሉ እናትየው።

"አለቃዬ ነው። አዲስ አበባ ነው ያለው።"

"ያያል?"

ውሸት ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። "አዎ፣ ያያል" አልኩ።

ነጠላቸውን ከወገባቸው ፈትተው ልጃቸውን አለበሷት። "ሴት ናት ብለን ብናስገባት ወንድ ተሸክማ ገባች" አሉ። የተናገሩት ለአዋላጇ ነው፤ እኔን አላዩኝም።

መነጽሩን አውልቄ አጠፋሁትና ሳጥኑ ውስጥ ከተትኩት። ብልሽቱ የተቃጠለ ፊውዝ ሆኖ ተገኘ። ስንቱን ፊውዝ ማንም ሳያሳየኝ ቀይሬያለሁ። ማሽኑ ሞቀ፣ ልጁን አስተኙት። ውጭ ወጥቼ ለአለቃዬ ደወልኩ።

"የተቀረጸውን አጥፋው።"

"ምን ተፈጠረ?"

"ሴትየዋ ራቁቷን ነበረች።"

"አይቻለሁ። ዓይኔን አንስቼ ነበር። አሁኑኑ አጠፋዋለሁ።"

ተመልሼ ገባሁና "ጠፍቷል፣ ይቅር በሉኝ" አልኳቸው። ወላዷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ሦስት ሳምንት ያህል አለፈ። ደብረ ማርቆስ ላይ ለጠጋኞች ሥልጠና ተደርጎ አሥራ አንድ ሆነን ተቀመጥን። አሠልጣኙ "ከሩቅ እንዴት እንደሚታገዝ እንይ" ብሎ ቪዲዮ ከፈተ። መጀመሪያ ግማሽ የተፈታ የዕቃ መቀቀያ ታየ። ከዚያ ኮሪደር። ከዚያ በር ላይ የተዘረጋ እጅ።

"አቁመው!" አልኩ።

"ቆይ እንጂ፣ ማሞቂያው ላይ ልንደርስ ነው እኮ።"

ተነሥቼ የፕሮጀክተሩን ገመድ ነቀልኩት። ግን ዘገየሁ፤ አልጋው ታይቶ አልፎ ነበር። ከኋላዬ አንዱ "ፊቷ እኮ አይታይም" አለ። ከዚያው ወረዳ የመጣው ባልደረባችን ግን አንገቱን ደፍቶ ቀረ። የእናትየውን ድምፅ አውቆታል መሰለኝ፤ አልጠየቅሁትም።

አለቃዬ አልዋሸኝም። ከራሱ ኮምፒውተር አጥፍቶታል። ቪዲዮው ግን ለካ በራሱ ጊዜ ሌላ ቦታም ይቀመጣል፣ አሠልጣኙም ያገኘው ከዚያ ነው፤ እሱም አያውቅም፣ እኔም አላውቅም። ሁለት ቀን ፈጀብን። አለቃዬ ከየተቀመጠበት አንድ በአንድ በስልኬ እያሳየኝ አጠፋው።

ዝም ብዬ ብተወው ማንም አይጠይቀኝም ነበር። ግን "ጠፍቷል" ያልኩት በገዛ አፌ ነው። ቅዳሜ ሚኒባስ ተሳፍሬ ሄድኩ፤ አዋላጇ ቤታቸው ድረስ ወስዳኝ ተመለሰች። አራሷ መደብ ላይ ሆና ታጠባለች፣ እናቷ አጠገቧ ናቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው።

"ስንት ሰው አየው?" አለች አራሷ።

"እኔንና አሠልጣኙን ጨምሮ አሥራ ሁለት። አለቃዬ አሥራ ሦስተኛ።"

"ወንዶች ናቸው?"

"ከእኔና ከአንዲት ጠጋኝ በቀር።"

እናትየው "እሰይ!" አሉ በምሬት። አራሷ ልጁን ወደ ሌላው ጡቷ አዛወረች።

"ሲጠፋ አይተሻል?"

"በዓይኔ አይቻለሁ።"

"እሺ። ባሌ አያውቅም። አትንገሪው።"

ወዲያው እሱ ከአውድማ ገባ፤ ጸጉሩ ሁሉ ገለባ ነው። "እንግዳ አለ እንዴ?" አለ። እናትየው ቀደም ብለው "ማሽኑን የጠገነችው ልጅ ናት። ልጁን ልትጠይቅ መጣች" አሉት። ፊቱ በራ። "እግዜር ይስጥሽ! አንቺ ባትኖሪ ልጄ በብርድ አልቆ ነበር!" እያለ እጄን ጨበጠኝ፤ አልለቅም አለኝ። ስወጣም አንድ እቅፍ የሽምብራ እሸት አስታቀፈኝ። አልወስድም ብል ምክንያቱን ይጠይቀኛል። ይዤ ወጣሁ። ሚኒባሱ ውስጥ ሰው ሁሉ ከእሸቱ እየጠየቀ በላ፤ እኔ አንድም አልቀመስኩም።

ከዚያ ወዲህ ለካሜራው የቆዳ ክዳን ጫማ ሰፊ ጋ አሠራሁለት። ክፍል ከመግባቴ በፊት "ይሄ ያያል፣ ሌላ ሰውም አብሮኝ ያያል፤ ላድርገው ወይስ ላውልቀው?" እላለሁ። አብዛኛው ሰው "አድርጊው" ይላል። በቅርቡ ደምበጫ ላይ አንድ የታመሙ ሽማግሌ "እኔ እንዲህ ሆኜ ማንም እንዲያየኝ አልፈልግም፤ አውልቂው ልጄ" አሉኝ። አወለቅሁት። በአሥር ደቂቃ ያልቅ የነበረው ሥራ ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ወሰደብኝ፤ መመሪያውን ወረቀት በወረቀት እያገላበጥኩ። ሽማግሌው ተኝተው ነበር፤ ማሽኑ ሲነሣ በድምፁ ነቁ።