ጋሽ ሽፈራውና ያልገለበጥኳቸው ቁጥሮች

ጠዋት ተደውሎ «ጋሽ ሽፈራው አረፉ» ሲሉኝ «የትኛው ሽፈራው?» አልኩ። የማውቀው ጋሽ ሽፈራው አንድ ብቻ ነው። አሁንም አላመንኩም።

ለማታውቋቸው፣ በደርግ ጊዜ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ አለቃዬ ነበሩ። የቢሮውን ዋና ሰዓት በአጭር ሞገድ ሬዲዮ ከሚመጣ የጊዜ ምልክት ጋር በየቀኑ እናመሳክር ነበር። ምልክቱ በጫጫታ ተውጦ ስለሚደርስ የምንለካው ልዩነት አንድ ቀን ይሰፋል፣ አንድ ቀን ይጠባል። እሳቸው ጫጫታውን የሚያጣራ ስሌት ሠርተው በካልኩሌተር እናሰላው ነበር።

ስሌቱ የገባኝ ግን ኮልፌ ፌርማታ ላይ ነው። ሁለታችንም የሰፈሩ ሰዎች ነን፣ ጠዋት አውቶቡስ አብረን እንጠብቃለን። አውቶቡሱ የመጣበትን ደቂቃ ሲጋራ ፓኮ ላይ ይጽፋሉ። ከግምታቸው ስምንት ደቂቃ ከዘገየ፣ የነገውን ግምት በአንድ ደቂቃ ብቻ ያዘገዩታል። «አንድ ስምንተኛውን እመኚ፣ የቀረውን ነገ ይንገርሽ» ይሉኝ ነበር። ሰልፈኛው ይስቅባቸዋል፣ ቆይቶ ግን «ጋሼ፣ ዛሬ ስንት ሰዓት ይመጣል?» እያለ ይጠይቃቸው ጀመር።

ቁጥሮቹን ከዕለት ወረቀት ወደ መዝገብ የምገለብጠው እኔ ነበርኩ። አንድ ሰሞን ከበላይ አካል ጎብኚ ይመጣል ተባለ። መዝገቡ እንዲያምር ብዬ፣ ወጣ ያሉትን ቁጥሮች ጫጫታ ናቸው በሚል ትቼ የቀደመውን ቀን ቁጥር ደገምኩበት። ለካ የሰዓቱን ምት የሚጠብቀው ክሪስታል ማሞቂያው ተበላሽቶ ሰዓቱ በእውነት እየዘገየ ኖሯል።

ሲታወቅ የመሥሪያ ቤቱ ካድሬ «ይሄ አሻጥር ነው» አለ። ያ ቃል በዚያን ጊዜ ሰው ያሳስራል፣ ከዚያም ይብሳል።

ጋሽ ሽፈራው አልተቆጡኝም። የዕለት ወረቀቶቹን ከመሳቢያዬ አስወጥተው አጠገቤ ተቀመጡ።

«እስቲ ይሄን ለምን ተውሽው?»

«ወጣ ብሎብኝ።»

«ይሄኛውስ? ይሄም ወደዚያው ወገን አይደል የሄደው?»

ሁሉንም መልሰን ስናሰላ ማሞቂያው የተበላሸበት ቀን ቁልጭ ብሎ ወጣ። እኔ ልታሰር ነው፣ እሳቸው ደስ ብሏቸው እጃቸውን ያፋትጋሉ። አሁን ሳስበው ያስቀኛል።

ከዚያ ሪፖርቱ ላይ «ቁጥሮቹ እንዲተዉ ያዘዝኩት እኔ ነኝ» ብለው ፈረሙ። ከእሳቸው የማውቀው ውሸት ይሄ ብቻ ነው። ሰዎች መጥተው ወሰዷቸው። በአራተኛው ቀን ከስተው ተመለሱና መጀመሪያ የጠየቁኝ «በሌለሁበት ለክተሻል?» ብለው ነው።

ጋሽ ሽፈራው፣ ሁሉን ነገር ለማወቅ የሚጓጉት እርስዎ ስለነዚያ ቀናት አንድም ነገር አላወሩም፣ እኔም ፈርቼ አልጠየቅኩም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። እርስዎ ምንም አላዘዙኝም። ይኸው በሰው ሁሉ ፊት በስሜ ጻፍኩት፣ እርስዎ ካረፉ በኋላ መሆኑ ያንገበግበኛል። በሰላም ይሂዱልኝ፣ አለቃዬ።