የማንነካው ጎመን

በዚያ ክረምት ኮሌጁ ሲዘጋ ተማሪው ሁሉ ሻንጣውን ይዞ ወደ አገሩ ሄደ። ከሰሜን የመጣን ጥቂት ልጆች ግን ቀረን፤ የአገራችን መንገድ በጦርነት ተዘግቶ ነበር። አስተዳደሩ መኝታ ክፍላችን እንድንቆይ ፈቀደልን። ምግብ ቤቱ ግን እስከ መስከረም አይከፈትም ተባልን። ሲቆልፉት ቆመን አየን።

ወጥቶ መሥራትም አይታሰብም። ከተማው ውስጥ አፈሳ ስለነበር ወንዶቹ ከበሩ ካለፍን ወደ ጦር ማሰልጠኛ እንወሰዳለን ብለው ይፈሩ ነበር። እኔና አብራኝ የምታድረው ልጅ አልፎ አልፎ ፈቃድ ለምነን ሐይቁ ዳር እስካለው አሞራ ገደል እንሄዳለን። ዓሣ አጥማጆቹ የሚጥሉትን የዓሣ ጭንቅላት ሰብስበን እንመለሳለን። ያን የሚያንጠባጥብ ዘንቢል ይዤ በዘበኛው ፊት ሳልፍ አንገቴን እደፋ ነበር።

የክፍላችን ተማሪ የሆነ አንድ የሲዳማ ልጅ ለክረምቱ ግቢ በማጽዳት ሥራ ተቀጥሮ ነበር። ቤተሰቦቹ ከከተማው ወጣ ብለው ይኖራሉ። አንድ ቀን ጭንቅላቶቹን ስንቀቅል ደረሰብን። በማግስቱ እናቱ የጋገሩትን ቆጮ በኮባ ቅጠል ጠቅልሎ መጣ። ቆጮ በልቼ አላውቅም ነበር፤ ኮምጠጥ ማለቱ ግራ ቢያጋባኝም ጨረስኩት።

ትንሽ ሰንብቶ፣ «እናቴ ሁላችሁንም ልትመግብ አትችልም፤ ከመኝታ ቤቱ ጀርባ መሬቱ ባዶ ነው። ለምን አንተክልም?» አለን።

ከእናቱ ጓሮ የጎመን ችግኝና ፍግ በጆንያ ተሸክሞ መጣ። ሣሩን ገልብጠን ተከልን፤ ዝናቡም አገዘን። የመጀመሪያውን ቅጠል ቀንጥሰን በጨው የቀቀልን ቀን አብራኝ የምታድረው ልጅ ሳቀች። ክረምቱ ከገባ ወዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

ወዲያው የኮሌጁ ካድሬ ቢሮው አስጠራን።

«ያለ ፈቃድ የምትሰበሰቡት ለምንድን ነው?»

«ጎመን ለመትከል ነው፣ ጓድ» አለ የሲዳማው ልጅ።

«ጎመኑ ምን ያደርግላችኋል?»

ርቦናል ብንል አብዮቱን መክሰሳችን ነው። አልራበንም ብንል ደግሞ ስብሰባው ለሌላ ዓላማ ነው ሊባል ነው። እጄን ቀሚሴ ላይ ጠረግሁት።

«ለምርት ዘመቻው አስተዋጽኦ ለማድረግ ነው» አለ ልጁ በመጨረሻ።

ካድሬው ፊቱ ፈታ አለ። ጨበጠንም።

ብዙም ሳይቆይ ማሳችን ታጠረ። «የተማሪዎች ሞዴል ማሳ» የሚል ሰሌዳም ቆመ። ለአብዮት በዓል ኤግዚቢሽን ስለሚቀርብ አንድ ቅጠል እንዳይነካ ታዘዘ፤ ዘበኛም ተመደበበት። እኛ ደግሞ በየጠዋቱ እንድናርምና እንድንኮተኩት ታዘዝን። ጎንበስ ስል የጎመኑ ቅጠል ጉንጬን ይነካኛል፤ ዘበኛው ከላይ ቆሞ እጄን ያየኛል። አብራኝ የምታድረው ልጅ አንድ ቀን የነቀልነውን አረም ኪሷ ከታ አመጣችው። ቀቅለን ሞከርነው፤ ስለመረረን ደፋነው።

የሲዳማው ልጅ ፊታችንን ማየት እየከበደው መጣ።

«እኔ ነኝ በዚያ መልሴ ያሰርኳችሁ» አለኝ አጥሩ ሥር።

«ሌላ ምን ልትል ትችል ነበር?»

ቆጮውን እንደገና ማምጣት ጀመረ። አሁን ግን በሩ ላይ ይፈትሹታል፤ ግማሹን የሚያስቀሩበት ቀን ነበር።

ጳጉሜን ላይ የጭነት መኪና መጥቶ ጎመኑን ከነሥሩ ወሰደው። በበዓሉ ቀን በከተማው ባህል አዳራሽ አካባቢ ከተደረደረው ምርት ፊት መፈክር ይዘን ቆምን። ካድሬው ለእንግዶቹ ስለ ትጋታችን ሲያስረዳ አጨበጨቡልን፤ እኛም አብረን አጨበጨብን።

ከዚያ ምግብ ቤቱ ተከፈተ። የሄዱት ተማሪዎች ተመለሱ፤ ወፍረውም መጡ። ከመጀመሪያዎቹ ምሳዎች በአንዱ ላይ ካድሬው በጠረጴዛችን አጠገብ ሲያልፍ ቆም ብሎ፣ ሞዴል ማሳው በሚመጣው ክረምትም በእኛው እንዲቀጥል መወሰኑን ነገረን። እናመሰግናለን አልን። የአገራችን መንገድ አሁንም አልተከፈተም ነበር።