ናፍጣ የጠጣችው የቤንዚን መኪና

ልጄ ያልሠራውን ሠራህ ተባለ፤ ያውም ሳይጠየቅ። ቤንዚን ሰርቆ ሸጠ፣ በምትኩ ናፍጣ ሞልቶ የሰው መኪና ገደለ ተብሎ፣ ወረታ መንገድ መገንጠያው ላይ፣ ባጃጅ ነጂው ሁሉ እየሰማ ቁልፉን ከእጁ ተቀማ። በደሉ ይህ ነው። እኔ ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ልጅ አዝዬ ነው፤ ጽሕፈቴ አያምርም። ነገር ግን ወሬ በአፍ ብቻ ከቀረ ክሱ ይታወሳል፣ ምላሹ ይረሳል። ስለዚህ ጻፍሁት።

ልጄ ሾፌር ነው። የሚነዳው ለአንድ የሩዝ ነጋዴ ነበር፤ ሰውየው ወረታ ላይ የሩዝ መፈልፈያ አለው። ንግዱ ሲቃናለት ከባለጸጎቹ እኩል ልታይ አለና ትልቅ መኪና ሊገዛ ተነሣ። ከእነዚያ ከፍ ካሉት፣ ወንበራቸው ቆዳ ከሆነው፣ መስታወታቸው ከጠቆረው። ልጄን አስከትሎ አዲስ አበባ ወረደ። ሁለት መኪና አሳዩአቸው፤ ቀለማቸው አንድ፣ ቁመታቸው አንድ። አንዷ በናፍጣ፣ አንዷ በቤንዚን የምትሄድ።

«ጌታዬ፣ ናፍጣዋን እንውሰድ» አለው ልጄ። «ወደ ደብረ ታቦር ዳገት አለብን። ክረምት ሜዳው ጭቃ ነው። ቤንዚን ሲጠፋ ደግሞ ወረፋው አያድርስ ነው፤ ናፍጣ ቢያንስ ከገበሬ ጓዳ አይታጣም።»

«ናፍጣማ እንደ ትራክተር ታጓራለች» አለ ሰውየው። «ይችን ስማት እስቲ፤ ተነሥታ ይሁን ተኝታ አትታወቅም።»

ቤንዚኗን ገዛ። ገንዘቡም የራሱ፣ ምርጫውም የራሱ ነው፤ በዚህ ክስ የለኝም።

ጥር ላይ ይፋግ ሰርግ ተጠራ። የሙሽራዋ አባት ቄስም ገበሬም ናቸው፤ ሩዛቸውን የሚያስፈለፍሉት ከእርሱ ዘንድ ስለሆነ የክብር እንግዳ አደረጉት። አድረው በማግሥቱ ሲመለሱ መኪናዋ ከይፋግ ብዙም ሳትርቅ ሳል ጀመራት። ነጭ ጭስ ተፋች፣ ተንቀጠቀጠች፣ ከሩዙ ማሳ መካከል ቀጥ አለች። አንድ አላፊ ትራክተር ጎትቶ ወረታ አደረሳት። ዕለቱ ገበያ ነበርና ሰው መንገድ ዳር ቆሞ፣ «ሙሽሪት በእግሯ አልሄድ ብላ ታዝላ መጣች!» እያለ ሳቀ።

ሰውየውን ያቃጠለው መኪናዋ አልነበረችም፤ ሳቁ ነው። መካኒኩ ሰልባትዮዋን፣ ማለት የነዳጅ ማጠራቀሚያዋን፣ ከፍቶ ቢያሸት ናፍጣ ሆነ። ከዚያ የተደረገውን ከላይ ተናግሬዋለሁ።

ልጄ ቤት ገብቶ ተቀመጠ።

«አንተ ነህ?» አልሁት።

«አይደለሁም፣ እማ።»

ከልጅነቱ ጀምሮ ሲዋሽ ጆሮውን ያካል። አላከከም። ግን የእኔ ማመን ምን ይጠቅመዋል? ነዳጅ ሰረቀ ለተባለ ሾፌር ቁልፍ የሚሰጥ የለም፤ ሚስቱ ደግሞ ነፍሰ ጡር ናት።

በማግሥቱ ነጠላዬን አጣፍቼ መፈልፈያው ድረስ ሄድሁ።

«ልጄን ጠይቀኸዋል?» አልሁት ሰውየውን።

«ምኑን ልጠይቀው፣ እናቴ? ናፍጣው መስክሮበታል።»

«ናፍጣ ማን እንደቀዳው አይናገርም።»

«እርስዎ የመኪና ነገር አያውቁም።»

«የመኪና አላውቅም፣ የፍርድ ግን ዐውቃለሁ። የሰው ሰብል የበላች ላም ስትያዝ እንኳ ባለቤቷ ተጠርቶ ይጠየቃል።»

«እንግዲያ ሽማግሌ ይላኩ» ብሎኝ ፊቱን አዞረ።

ሽማግሌ የሚልክ ያጠፋ ሰው ነው። እኛ ምን አጥፍተን? ከዚያው መኪናዋ ወደቆመችበት ጋራዥ አቀናሁ። መካኒኩ ከሥሯ ተኝቶ እግሩ ብቻ ይታያል።

«ውጣ እስቲ» አልሁት። «ይህችን የመሰለች መኪና የዕርዳታ ሰዎች ሲነዷት፣ ናፍጣ ሲቀዱላት በዓይኔ አይቻለሁ። ይች ምን ሆና ነው የምትሞተው?»

«አልሞተችም እማማ፣ ታጥባ ትነሣለች» አለ እየሳቀ። «መልካቸው ነው አንድ፤ ሆዳቸው ሌላ ነው። ፋብሪካው የሚሠራው እንደ አገሩ ነው። ይች ለዓረብ አገር የተሠራች ናት። እዚያ ቤንዚን ሞልቷል፣ መንገዱ ሜዳ ነው፣ ሰዉም መብረር ይወዳል። ተራራና ረጅም መንገድ ላለው አገር ደግሞ የናፍጣ ሞተር ያደርጉላታል፤ ጉልበት አለው፣ ሩቅ ያስኬዳል። ፈረንጆችም ናፍጣ ይወዱ ነበር፤ አሁን ጭሱን ጠልተው እየተዉት ነው ይላሉ።»

ገባኝ። የእኛን ሩዝ ደጋ ወስደው ቢዘሩት አይበቅልም፤ ደጋውም ሩዙም ግን አላጠፉም።

«ታዲያ ማደያ ላይ ተሳስተው ቀድተውባት ይሆን?»

«አይመስለኝም። የናፍጣው መቅጃ አፉ ወፍራም ነው፤ በዚች ቀዳዳ አይገባላቸውም። ይህ በጀሪካን የተቀዳ ነው።»

ጀሪካን ሲል ልቤ ይፋግ ሄደ። በበጋ ፎገራ ላይ ሽንኩርት የሚያጠጣ ሁሉ የውሃ መሳቢያ ሞተር አለው፤ ሞተሩ ባለበት ቤት የናፍጣ ጀሪካን አይጠፋም። መኪናዋም ያደረችው እዚያ ነው። ሚኒባስ ተሳፈርሁ።

ቄሱ የሰርጉን ዳስ እያስፈረሱ ደረስሁ። መስቀል ተሳልሜ ተቀመጥሁና ዙሪያ ጥምጥም ሳልሄድ ጠየቅኋቸው።

«አባቴ፣ በሰርጉ ማግሥት ያችን መኪና የነካ ሰው ነበር?»

ፊታቸው በራ። «መንካት ትያለሽ? እኔ ራሴ አጥግቤ ሸኘኋት እንጂ!»

በእኛ አገር እንግዳ በበቅሎ ሲመጣ፣ በቅሎዋ ገብስ ሳትበላ አይሸኝም። በባዶ ሆዷ ከወጣች ነውሩ የጋባዡ ነው። የቄሱ አባት እንዲህ ያደርጉ ነበር፤ አያታቸውም እንዲሁ። ቄሱ የእንግዳቸውን በቅሎ ቢፈልጉ ደጅ የቆመችው መኪና ናት። ስለዚህ ልጄ ቁርስ ቀርቦለት ሳለ፣ ትራክተር የሚነዳውን ትልቁን ልጃቸውን ጠርተው ክዳኗን አስከፈቱ፤ የውሃ መሳቢያውን ናፍጣ በተቆረጠ የፕላስቲክ ጠርሙስ አንቆረቆሩላት። አባትም ልጅም የሚያውቁት ትልቅ መኪና ሁሉ የሚጠጣው ናፍጣ ነው። ቤንዚን የሚጠጣ እንዳለ በምን ይጠርጥሩ?

«እንዲያውም ቅር ብሎኝ ነበር» አሉ። «ያን ሁሉ አጠጥቻት እግዜር ይስጥልኝ ሳይሉኝ ሄዱ።»

«መንገድ ላይ መቆሟንስ አልሰሙም?»

«ሰምቻለሁ። ጠግባ ከብዷት ነው ብዬ።»

ሳቄ መጣ፤ ከሳቁ ጋር እንባዬ። «አባቴ፣ እርሷ የምትጠጣ ቤንዚን ነበር።»

«ኧረ የማርያም ያለህ! መርዤያታለሁ በይኛ!» ብለው ጥምጥማቸውን ያዙ። ልጄ በዚህ የተነሣ ሌባ መባሉን ስነግራቸው ግን ቀልዱ ጠፋ። ጭራቸውንና መስቀላቸውን አንሥተው «ተነሽ፣ እንሂድ» አሉ። ዳሱ እንደተጋደመ ቀረ።

መፈልፈያው ደጅ ስንደርስ ሠራተኞቹ ጆንያ ይሰፋሉ። ቄሱ ቁጭ በሉ ቢባሉ እንቢ አሉ።

«መኪናህን ያጠጣኋት እኔ ነኝ፣ ልጄ። እንደ በቅሎ ቆጥሬያት ነው። ብትቆጣም እኔን ተቆጣ፣ ካሣ ብትልም እኔን በለኝ።»

በእንግዳ አክባሪ ማን ይቆጣል? ሰውየው ሊቆጣ ሞከረ፣ ሳቁ አመለጠው፤ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። «ይተዉት አባቴ፣ ትድናለች።» ከዚያ ወደ እኔ ዞር አለ። «በቃ እናቴ፣ ነገሩ አለቀ። ልጁ ነገ ይምጣና ሥራውን ይያዝ።»

«አላለቀም» አልሁት። «ሌባ ያልኸው በሰው ፊት ነው። እኔም አንድ ነገር ጠይቄህ አልመለስህልኝም።»

«ትናንት እኮ ሰው ሁሉ ይስቅብኝ ነበር፣ እናቴ።»

«እርሱን አልጠየቅሁህም። ልጄን ጠይቀኸው ነበር ወይ?»

ሠራተኞቹ መስፋታቸውን አቆሙ። ቄሱ ጭራቸውን ያወዛውዛሉ። እውነቱን ይፋግ ላይ አግኝቼ ነበርና አልቸኮልሁም፤ ቆሜ ጠበቅሁት።

«አልጠየቅሁትም» አለ ሰውየው፣ ሁሉም እየሰማው። «ብጠይቀው አላደረግሁም ይለኛል፣ አምነዋለሁም፤ ከዚያ የምቆጣው ሰው አላገኝም። ልጅዎ አልሰረቀም፣ እናቴ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»