ቦያና ያበላሸቻቸው ፎቶዎች

እኔና ቦያና ካራጆቫ የምንሠራው በሮዶፒ ተራሮች መንደር ለመንደር እየዞርን የስኳር ሕመምተኞችን ዓይን በመመርመር ነው። እኔ ነርስ ነኝ፤ የዓይናቸውን ውስጠኛ ክፍል ፎቶ አነሳለሁ። የኮምፒውተሩ ሥራ የእሷ ነው። ፎቶው ከተማ ላሉ ሐኪሞች ይላካል፤ ከደበዘዘባቸው ሕመምተኛው እንደገና ይጠራል። የቦያና አባት፣ የአውቶቡስ ሹፌር የነበሩት፣ እንደገና የተጠሩት በረዶ መንገዱን በዘጋበት ክረምት ነበር። መንገዱ ሲከፈት ግራ ዓይናቸው ማየት አቁሞ ነበር።

ቦያና ብዙ አላለቀሰችም። ፎቶው መጥራት አለመጥራቱን እዚያው መንደሩ ውስጥ የሚለይ ፕሮግራም እሠራለሁ ብላ ተነሣች። ለማስተማሪያ እንዲሆናት ሐኪሞቹ ለፎቶዎች ነጥብ እንዲሰጡላት ለመነች። አንዱ ግሩም ነው ያለውን ሌላው ጣለው፤ የቀሩት ጊዜ የለንም አሉ።

"በቃ ተዪው" አልኳት።

በማግስቱ መጥታ፣ "ነጥባቸው ምን ያደርግልኛል?" አለችኝ። "ጥርት ያለውን ፎቶ ወስጄ ራሴ አበላሸዋለሁ። ትንሽ አደበዝዘዋለሁ፣ ደግሞ ጨምሬ አደበዝዘዋለሁ፣ አጨልመዋለሁ። የቱ እንደሚብስ ማንንም አልጠይቅም፤ ያበላሸሁት እኔ ነኛ።"

"ለማበላሸት ደሞዝ የሚከፈለው ሰው ገና ዛሬ አየሁ።"

"አንቺ ስንቱን ፎቶ እየተከፈለሽ አበላሽተሻል" ብላ አሳቀችኝ።

ክረምቱን ሙሉ ስታበላሽ ከረመች። ኮምፒውተሩም ሁለት ሁለቱን እያስተያየ የባሰውን መለየት ተማረ፤ ቀስ በቀስ አይቶት የማያውቀውን ፎቶ ብቻውን መመዘን ጀመረ።

ሚያዝያ ላይ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ወዳለ አንድ መንደር ወጣን። ካሜራውን ከመኪናው አውርደን፣ ምድጃ የነደደበት የመንደሩ አዳራሽ ውስጥ ተከልነው። መጀመሪያ የተቀመጡት ባይ ስታሜን የሚባሉ አይብ ሠሪ ሽማግሌ ናቸው። አነሳሁ፤ ኮምፒውተሩ ፎቶው አልጠራም ብሎ ቀይ አበራ። ደገምኩ፤ ቀይ። ለእኔ ፎቶው ደህና ነበር።

"ልጆቼ፣ የታመመው የኔ ዓይን ነው ወይስ የናንተ ዕቃ?" አሉ።

ቦያና ፎቶውን አጉልታ አሳየችኝ። ጠርዙ ላይ ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች የሉም። ሌንሱን ብናየው ስስ እርጥበት ተኝቶበታል፤ ከብርድ በድንገት ወደ ሙቀት ስለገባ ነው።

"ዕቃው ነው ባይ ስታሜን" አለቻቸው። "ብርድ መቶታል።"

"እና ትንሽ የራኪያ አረቄ ስጡታ።"

አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ሌንሱ እስኪሞቅ ጠብቀን ጠረግነውና አነሳሁ። አረንጓዴ። ከዚያ በኋላ ቀይ በበራ ቁጥር ሕመምተኛው ከወንበሩ ሳይነሣ እየደገምኩ አመሸሁ።

በሳምንቱ ሌላ መንደር ምሳ ላይ ሳለን ፎቶዎቹን ከሚያዩት የከተማ ሐኪሞች አንዷ፣ ዶክተር ያንኮቫ፣ ቦያና ጋ ደወለች፤ ቦያናም እኔም እንድሰማ ድምፁን ከፈተችው። የባይ ስታሜን ዓይን ውስጥ ደም መፍሰስ ገና ሲጀምር ተደርሶበታል፤ ሕክምና ጀምረዋል። ፎቶው ደብዝዞ እንደገና የሚጠራ ሰው ደግሞ አንድም የለም።

"ፕሮግራሙን ያስተማራችሁበትን ፎቶ ማን መዘነላችሁ?" ብላ ጠየቀች።

"ማንም" አለች ቦያና።

"እንዴት ማንም? ነጥብ የሰጠ ሰው አለ አይደል?"

"የለም ዶክተር። እናንተም ጊዜ አልነበራችሁም።"

ዶክተር ያንኮቫ ሳቀች፤ ቀጥላም ፕሮግራሙን ለሌሎቹ መኪኖች ሁሉ እንድትሰጥ ጠየቀቻት። ቦያና ስልኩን ዘጋች። ከዚያ ዓይኗን ጠረገችና ሌላ ሳህን የድንች ቂጣ አዘዘች።