ወፍ የሚያስበረግገው ቃል

በወጣትነቴ ኩባ ግብርና ተምሬ ስመለስ ከዲፕሎማዬ ይልቅ የምኮራበት አንድ ቃል ይዤ መጣሁ፤ ኤስፓንታፓሃሮስ። ስፓኒሾቹ ሁለት ቃል አጣብቀው የሠሩት ነው። «ኤስፓንታ» ያስበረግጋል፣ «ፓሃሮስ» ወፎች፤ ማሳ ላይ የሚቆመው የጨርቅ ሰው ስም ነው። «ፓሃሮ» የመጣበት የጥንቱ የላቲን ቃል ደግሞ ድንቢጥ ማለት ነበር። ይህን ስንት ጊዜ እንዳወራሁ ሚስቴን ጠይቋት፤ ጣቷ አይበቃትም።

አምና ከሶዶ ወጣ ብላ ባለችው ማሳችን ማሽላው ሲያፈራ ድንቢጥ ወረደበት። ሚስቴ ማማ ሠርተን በወንጭፍ እንጠብቅ አለች። ሳቅሁባት።

«የተማረ ሰው ማማ ላይ አይወጣም። ኤስፓንታፓሃሮስ አቆማለሁ!»

«ማሽላው ከተበላ ከርሞ ጎደሬ እተክልበታለሁ። አንተም ትንፍሽ አትልም።»

ካፖርቴንና ባርኔጣዬን ለእንጨት አልብሼ አቆምኩ። ድንቢጦቹ ትከሻው ላይ ሰፈሩ። ባርኔጣው ላይ ያለችውማ ስታየኝ እንኳ ንቅንቅ አላለችም።

ይባስ ብሎ በሦስተኛው ቀን ሰፈሩ አኮረፈኝ። በእኛ ዘንድ ሽማግሌን ሳይሳለሙ ማለፍ ነውር ነው፤ ሰላምታ አለመመለስ ደግሞ የባሰ ነውር። ቅቤ የምትነግደው ጎረቤታችን እኛ ቤት ድረስ መጣች።

«ጋሼ፣ ምን በደልኩዎ? ሁለት ቀን ሙሉ ከመንገድ ‹ሳሮ! ሳሮ!› ብዬ ሰላም ስልዎ ተገትረው ቀሩ እንጂ እህ እንኳ አላሉኝም!»

«እኔ አይደለሁም እኮ፣ እንጨት ነው።»

«ታዲያ ልዩነታችሁ ምኑ ላይ ነው?» አለች ሚስቴ ከጓዳ።

እንጨቱን ብነቅለው መሸነፌን አመንኩ ማለት ነው፤ ጎደሬ ሊተከልብኝ ነው። ስለዚህ በማግስቱ በርጩማ ይዤ ሥሩ ተቀመጥኩ፤ ሰላምታውን ልመልስለት። ገበያተኛው ሁሉ ከመንገድ ይጮሃል፤ «ሳሮ! ደህና አደሩ? ልጆች ደህና? ከብቱስ?» እኔም ብድግ ብዬ፣ እጄን እያወናጨፍኩ፣ ስለ እያንዳንዷ ላም እጮሃለሁ። ድንቢጡ ብርር! ሊያርፍ ሲል ሌላ ገበያተኛ ብቅ። የወላይታ ሰላምታ መቼ በአጭሩ ያልቃል!

ማሽላው ሲታጨድ ድምፄ ዘግቶ ነበር፤ ጎተራው ግን ሞላ።

«ወፉን ያባረረው ሰፈሩ ነው» አለች ሚስቴ።

«ሰፈሩን የጠራው ማን ሆነና!» አልኳት በተዘጋው ድምፄ፣ እንደ ጄኔራል ደረቴን ነፍቼ።

ዘንድሮም የዘራነው ማሽላ ነው። እኔና እንጨቱ ጎን ለጎን ቆመናል። አንዳንዱ መንገደኛ አሁንም ቀድሞ የሚሳለመው እሱን ነው።