ሐጂ ከላዬ የገፈፉት ቶብ

ትናንት ጠዋት... ከሰሊጥ መጋዘኖቹ ጀርባ ባለችው የቆርቆሮ ክፍሌ ውስጥ ብቻዬን እየሠራሁ ነበር። ማሽኔን ከተጣሉ ፕሪንተሮች ሞተርና ከአሮጌ የበር ብረት ራሴ ነኝ የገጣጠምኳት። ኮምፒውተር ይነዳታል፤ ቀጭን መቁረጫዋ እየተሽከረከረ ስስ አሉሚኒየም ላይ ፊደል ይበሳል። የሱዳኗ ገዳሪፍ ነጋዴዎች የተበሳውን አሉሚኒየም ጆንያ ላይ ያስቀምጡና በላዩ ቀለም ሲቀቡ ስማቸው ይታተማል።

ሐጂ ሰይድ ድንገት ገቡ። የሰሊጥ ነጋዴ ናቸው፤ የሴት እጅ እንኳ አይጨብጡም። ባለፈው የሠራሁላቸው ጠርዙ ጥርስ አውጥቶ፣ ቀለሙ እየፈሰሰ ስማቸው አልነበብ ብሎ ነበር።

«ዛሬስ ዓይኔ እያየ ነው የምትሠሪው እቴ። መኪናው ጭኖ እየጠበቀኝ ነው።»

ብቻዬን ስሆን በቀሚስ ነው የምሠራው። ሐጂ ፊት ግን እንዴት ይሆናል? ቶቤን ከሚስማሩ አውርጄ እንደ ሱዳን ሴቶች ከራሴ እስከ እግሬ ተጠቀለልኩ።

ስስ አሉሚኒየም ከሥሩ ካልተያዘ ይንቀጠቀጣል፤ ጠርዙም ይቦጫጨቃል። ሁልጊዜ ጀርባውን በሙሉ ሙጫ ቀብቼ ጣውላ ላይ እለጥፈውና እስኪደርቅ እጠብቃለሁ። ትናንት ግን ሐጂ ሰዓታቸውን ያያሉ... አራቱን ጥግ ብቻ በብሎን አሰርኩና ማሽኗን አስነሳሁ።

ሁለተኛው ፊደል ላይ አሉሚኒየሙ መጮኽ ጀመረ። መሃሉ አብጦ ወደ መቁረጫው ይነሳል። በእንጨት ልጫነው ጎንበስ አልኩ...

የቶቤ ጫፍ ከትከሻዬ ተንሸራተተ።

መቁረጫው ሲይዘው አላየሁም። ያወቅኩት ጨርቁ አንገቴን ሲያንቀኝ ነው። ፊቴ ወደ መቁረጫው እየወረደ ነው... ልጮኽ ብል ድምፅ የለኝም። ማጥፊያው ከእጄ አንድ ክንድ ይርቃል። የአሉሚኒየሙ ፍቅፋቂ ጉንጬን ሲወጋኝ «በቃ» አልኩ በሆዴ።

ሁለት እጆች አንገቴ ሥር ገቡ። ጨርቁን በራሴ ላይ መዘዙት። ዞሬ መሬት ላይ ወደቅኩ። ቶቡ መቁረጫው ላይ ተጠምጥሞ ሞተሩ አቃስቶ ቆመ።

ቀና ስል ሐጂ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረዋል።

«አለሽ?»

«አለሁ ሐጂ።»

«ልብስ... ለብሰሻል?»

«ቀሚስ አለኝ፣ ይዙሩ።»

«ወላሂ አልዞርም! ማነው መጋረጃ ተጠቅልለሽ ማሽን ላይ ጎንበስ በይ ያለሽ?»

«እርስዎን አክብሬ ነዋ!»



«እኔን አክብረሽ ልትሞቺብኝ?»

በርጩማዬን ይዘው ወጡና በሩን በጀርባቸው ዘግተው ተቀመጡ። «መኪናው ይቆማል! ሙጫሽን ቀቢ፣ እንደ ልማድሽ ሥሪ» አሉኝ ከውጭ።

የጨርቁን ክር ከመቁረጫው አንድ በአንድ ለቀምኩ። አዲስ አሉሚኒየም ለጥፌ፣ ሙጫው ሲደርቅ፣ መቁረጫው እንዳይግል ላምባ ጠብ እያደረግኩ በስሱ በስሱ አስቆረጥኩት። አሉሚኒየሙ አልተንቀጠቀጠም። ሐጂ በየደቂቃው «አለሽ?» ይላሉ። «አለሁ» እላለሁ።

ሲያልቅ በበሩ ክፍተት አቀበልኳቸው። ጠርዙን በጣታቸው ዳበሱት። «እንዲህ ነው እንጂ» ብለው ሳይዞሩ ሄዱ።

ዛሬ ጠዋት አንገቴን በመስታወት አየሁት። ቶቡ ዙሪያውን ቀይ መስመር ጥሎበታል... በሕይወቴ አሉሚኒየም ላይ እንኳ እንዲህ የጠራ ጠርዝ አውጥቼ አላውቅም።